ሌላ ኪስ የለውም፦ ስለ ፊላደልፊያ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ፊላደልፊያ ባለን ሐበሾች መካከል አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰነበተ። የሚያወራው የከተማው አስተዳደር ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ስለሚሰጠው ገንዘብ ነው። ጸሐፊው አማርኛ ይችሉበታል። ብዙ ሰው «ልክ ብለዋል» እያለ ፎርዋርድ አድርጎታል።

የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው የትምህርት ዲስትሪክት በየጊዜው ከሰርኩ እያለ ከተማው ላይ ይወድቃል። ከተማው ደግሞ ከእኛ ኪስ ወስዶ ይሰጠዋል። የተሰጠው ገንዘብ ግን የት እንደገባ አይታወቅም፤ ቀዳዳ እንስራ ውስጥ ውሃ እንደ መጨመር ነው። ስለዚህ ሲቲ ካውንስል፣ ማለትም የከተማው ምክር ቤት፣ እጁን ይሰብስብ፣ ዲስትሪክቱም እንደ ማንኛውም ቤተሰብ በገቢው ልክ ይኑር። ትምህርት ቤት ከበዛ ይዘጋ። ነገሩ የስቴቱ ኃላፊነት ስለሆነ ሃሪስበርግ፣ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዋና ከተማ፣ ይክፈል። ታክሱ የሚጎዳው የሱቅና የሬስቶራንት ባለቤቶችን ነው። በመጨረሻም፣ ልጆቻችንን ቻርተር ስኩል (በሕዝብ ገንዘብ ግን በራሱ አስተዳደር የሚሠራ ትምህርት ቤት) አስገብተናል ወይም ወደ ጎረቤታችን አፐር ዳርቢ ተሻግረናል፣ ታዲያ እኛን ምን አገባን?

ከዚህ ውስጥ የምስማማበት አለ፤ ስደርስበት እናገራለሁ። የጽሑፉ መሠረት ግን የተሳሳተ ነው። እንግዲህ አንድ በአንድ ልሂድበት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«በገቢው ልክ ይኑር» ከሚለው ልጀምር። ፔንሲልቬንያ ውስጥ 500 የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ። በራሱ ታክስ መጣል የማይችለው የፊላደልፊያው ብቻ ነው። አፐር ዳርቢን ውሰዱ። የትምህርት ቦርዱን ነዋሪው ይመርጠዋል፣ ቦርዱም ስቴቱ ባስቀመጠው ገደብ ውስጥ የትምህርት ቤቱን ፕሮፐርቲ ታክስ ይወስናል። ገንዘብ ሲያንሰው ነዋሪው ፊት ቆሞ «ልጨምር ነው» ይላል። ነዋሪው ካልወደደው በሚቀጥለው ምርጫ ያባርረዋል።

እኛ ዘንድ አካሄዱ ሌላ ነው። ዘጠኙን የቦርድ አባላት ከንቲባው ይሾማል፣ ካውንስሉ ያጸድቃል። ቦርዱ በጀት ያወጣል፣ መምህር ይቀጥራል፣ ሕንፃ ያስጠግናል። ታክስ ግን አንዲት ሳንቲም መጣል አይችልም። ከፕሮፐርቲ ታክሱ ስንት እንደሚደርሰው የሚወስነው ካውንስሉ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ያመጡት የቤተሰብ ምሳሌ እዚህ አይሠራም። ቤተሰብ ሲቸግረው አባት ተጨማሪ ሺፍት ይገባል፣ እናት ቅዳሜና እሑድ ትሠራለች። ዲስትሪክቱ ተጨማሪ ሺፍት መግባት በሕግ ተከልክሏል። ከተማው የሚሰጠውን ገንዘብ ጸሐፊው በችግር ጊዜ እንደሚወረወር ምጽዋት አድርገው ጻፉት። የፊላደልፊያ ነዋሪ ለራሱ ትምህርት ቤት የሚከፍልበት ሌላ በር እኮ የለም። አፐር ዳርቢ ያለው ሰው ለቦርዱ በቀጥታ ይከፍላል፤ እኛ በካውንስሉ በኩል እንከፍላለን። በሩ ይዘጋ ማለት የዚህ ከተማ ሰው ለልጆቹ ትምህርት አይክፈል ማለት ነው።

ቤት ያላችሁ የታክስ ቢላችሁን አውጡና እዩት። የፊላደልፊያ ፕሮፐርቲ ታክስ 1.3998 ፐርሰንት ነው። ከዚህ ውስጥ 0.7839 ፐርሰንቱ የትምህርት ቤት፣ 0.6159 ፐርሰንቱ የከተማው ድርሻ ነው። ቤታችሁ 250 ሺህ ዶላር ተገምቷል እንበል። ሆምስቴድ የሚባለው ቅናሽ 100 ሺውን ያነሳላችኋል፤ በቀረው 150 ሺህ ላይ 2,100 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ። ከዚያ ላይ 1,176 ዶላሩ ለትምህርት ቤት፣ 924 ዶላሩ ለከተማው ይሄዳል። (በነገራችን ላይ ሆምስቴድ ያላመለከተ ሐበሻ እስካሁን ያጋጥመኛል። በራሳችሁ ቤት የምትኖሩ ከሆነ አመልክቱ፤ ነፃ ነው፣ በዓመት እስከ 1,399 ዶላር ያስቀራል።)

ጸሐፊው «ከንቲባዋ እንደገና ገንዘብ ጨመሩ» ብለው የተበሳጩበት ነገርም ይኸው ድርሻ ነው። ከንቲባ ሸሬል ፓርከር በ2024 የትምህርት ቤቱን ድርሻ ከ55 ወደ 56 ፐርሰንት አሳደጉት። ታክሱ በአጠቃላይ አልጨመረም፤ ከተማው ከራሱ ቀንሶ ነው ያስተላለፈው። በአምስት ዓመት ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል ተብሎ ተሰልቷል። በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለሚያንቀሳቅስ ዲስትሪክት ይህ ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ እንስራው። ጸሐፊው የከተማው ሰዎች ገንዘቡን አባክነውታል ይላሉ። ብክነት አልነበረም ብዬ አልከራከርም። በ2011 የነበሩት ሱፐርኢንተንደንት፣ የዲስትሪክቱ ዋና ኃላፊ፣ ሲሰናበቱ የ905 ሺህ ዶላር ስንብት ተፈቀደላቸው። ያውም ዲስትሪክቱ ሠራተኛ በሚቀንስበት ዓመት። ይህን ማንም ሊከላከለው አይችልም፤ ነውር ነው።

ግን ጸሐፊው የዘለሉት ትልቅ ነገር አለ። ከ2001 መጨረሻ እስከ 2018 አጋማሽ ድረስ ዲስትሪክቱን ይመራው የነበረው ከተማው አልነበረም። ስቴቱ ወስዶት ነበር። አምስት አባላት ባሉት የትምህርት ቤት ሪፎርም ኮሚሽን ውስጥ ሦስቱን የሚሾመው የስቴቱ ገዥ ነው፣ ከንቲባው ሁለቱን ብቻ። በ2002 ሀያ ትምህርት ቤቶችን ኤዲሰን ለተባለ ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ እንዲያስተዳድር የሰጠው ይኸው ኮሚሽን ነው። ጸሐፊው እንደ ማስረጃ የቆጠሯቸው የ2011፣ የ2012 እና የ2013 ቀውሶች በሙሉ የሆኑት በዚህ ዘመን ነው። ለከተማው ሊቆረጥ የማይገባ ቅጣት ነው የቆረጡለት።

የ2013ቱን ቀውስ ግን እንዲሁ ማለፍ አልችልም። ጸሐፊው «ያኔም ከተማው 50 ሚሊዮን አፈሰሰ፣ ምን ተለወጠ?» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል።

መነሻው ይህ ነው። ስቴቱ ለቻርተር ስኩሎች ለሚወጣው ወጪ ለዲስትሪክቶች ይመልስ የነበረውን ገንዘብ በ2011 ሙሉ በሙሉ አቋረጠ። ፊላደልፊያ በዚህ ብቻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣች። ከፌዴራል መንግሥት ለኢኮኖሚ ቀውሱ ማስታገሻ ይመጣ የነበረውም አለቀ። በ2013 ጉድለቱ 304 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ጁን ላይ ከ3,700 በላይ ሠራተኞች የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ረዳት ርዕሰ መምህራን፣ ካውንስለሮች፣ ጸሐፊዎች፣ ምሳ ሰዓት ልጆችን የሚጠብቁ ሴቶች። ኦገስት ላይ ሱፐርኢንተንደንቱ ዊልያም ሃይት ወጥተው ተናገሩ። 50 ሚሊዮን ዶላር ካልተገኘ ትምህርት ቤቶች ሴፕቴምበር 9 አይከፈቱም አሉ። የወቅቱ ከንቲባ ማይክል ነተር ከተማው ተበድሮም ቢሆን ይሰጣል ብለው ቃል ገቡ። በሮቹ የተከፈቱት በዚያ ነው። ስቴቱስ? ገዥው ቶም ኮርቤት 45 ሚሊዮን ዶላር፣ መምህራኑ የደሞዝና የጥቅም ቅነሳ ካልተቀበሉ አይለቀቅም ብለው እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያዙት።

ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አስም አለባት። የትምህርት ቤቷን ስም አልጠራም፤ የነርሷ ክፍል በር ላይ ግን ነርሷ የምትመጣባቸው ቀናት በወረቀት ተለጥፈው ነበር። በቀሩት ቀናት ሌላ ትምህርት ቤት ናት። በእነዚያ ቀናት ልጄ ትንፋሽ ቢያጥራት ፓምፑን ማን ይሰጣታል ብዬ ለመጠየቅ ቢሮ ደወልኩ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። የሚያነሳው ሰው ከተሰናበቱት አንዷ ነበረች። በአካል ስሄድ ርዕሰ መምህሯ ራሷ ፎቶኮፒ እያደረገች አገኘኋት። «ፓምፑን በቦርሳዋ ትያዝ፣ ለመምህሯ እነግራታለሁ» አለችኝ። ሌላ ምን ትበለኝ?

ምን ተለወጠ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው። ያ 50 ሚሊዮን ትምህርት ቤቱን ደህና አላደረገውም። በሩን ግን አስከፍቷል፤ ከተሰናበቱትም ከፊሎቹ ተመልሰው ተቀጥረዋል።

የታክሱ ነገር። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሰዉን ብሶት በትክክል ነክተዋል፤ እኔም ግማሹ ላይ አብሬያቸው ነኝ።

በ2014 በአንድ ፓኬት ሲጋራ ላይ 2 ዶላር ተጨመረ፣ ለትምህርት ቤት ተብሎ። የማዕዘን ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ያኔ ያለቀሱት እውነታቸውን ነው። ደንበኛው ድልድይ ተሻግሮ ወይም ደላዌር ወርዶ ይገዛል፤ ሲጋራ ሊገዛ መጥቶ የሚወስደው ቡናና ዳቦም አብሮ ይቀራል። የሚያጨሰውም በአብዛኛው ድሃው ነው። ደግሞ አጫሹ በቀነሰ ቁጥር ገቢው ይቀንሳል። ልጅ ሊማርበት የሚገባ ገንዘብ እንዲህ ባለ ነገር ላይ መንጠልጠል የለበትም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ግን ይህ ታክስ ለምን እንደመጣ አይናገሩም። ከተማው የራሱን ነዋሪ ሲጋራ ለመቅረጥ እንኳ የሃሪስበርግን ፈቃድ ለምኖ፣ ወራት ጠብቆ ነው ያገኘው። የተሻለ መንገድ እያለ ይህን አልመረጠም። የተፈቀደለትን ነው የወሰደው።

የሶዳ ታክሱን ደግሞ አምታተውታል። በአንድ አውንስ 1.5 ሳንቲም፣ በሁለት ሊትር ኮካ ላይ ከ1 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ከ2017 ጀምሮ ሱቆቻችን ሲያማርሩበት የኖሩት እሱ ነው። ዲስትሪክቱን «በሶዳ ታክሱም አልጠገበም» ማለታቸው ግን ስህተት ነው። ያ ገንዘብ በዋናነት የሚሄደው ለከተማው ነፃ የቅድመ መደበኛ ፕሮግራም፣ ኮሚዩኒቲ ስኩልስ ለሚባለው የከተማው ፕሮግራም፣ እንዲሁም ለመናፈሻዎችና ለቤተ መጻሕፍት ዕድሳት ነው። ወደ ዲስትሪክቱ መደበኛ በጀት አይገባም። ሦስትና አራት ዓመት ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ጥቅሙን ያውቀዋል፤ የዴይኬር ዋጋ ስንት እንደሆነ እንተዋወቃለን።

ሬስቶራንቶችስ? ባልቲሞር አቬኑ ላይ ቁጭ ብላችሁ ክትፎ በላችሁ፣ ባለ 6 ዶላር ቢራ ጠጣችሁ እንበል። በቢራው ላይ 10 ፐርሰንት ይጨመራል፤ 60 ሳንቲም። ያ ለትምህርት ቤት ነው። የሚከፍለው ጠጪው ነው፤ ባለቤቱ ሰብስቦ ያስረክባል። ወረቀቱና በሰዓቱ ካላስገባ የሚመጣው ቅጣት ራስ ምታት መሆኑን አልክድም። ጸሐፊው በጣም የጮኹበት የንግድ ቤት ታክስም አለ፤ ንግድ የሚካሄድበት ሕንፃ ከተገመተበት ዋጋ ላይ 1.21 ፐርሰንት። የመጀመሪያው 2,000 ዶላር ታክስ ግን ነፃ ነው። ይህም ማለት የያዛችሁት ቦታ ግምት ከ165 ሺህ ዶላር ገደማ የማይበልጥ ከሆነ ምንም አትከፍሉም። ብዙ ትንንሽ ሱቆች በዚህ ያመልጣሉ። ትልቁን የሚከፍሉት የሴንተር ሲቲ፣ የመሀል ከተማው፣ ፎቆች ናቸው።

ፎቅ ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው አንድም ቃል ያልተነፈሱበት ጉዳይ ይኸው። ከ2000 ጀምሮ በዚህ ከተማ አዲስ የገነባ ሰው ለ10 ዓመት በሕንፃው ላይ ፕሮፐርቲ ታክስ አይከፍልም ነበር፤ የሚከፍለው በመሬቱ ላይ ብቻ ነበር። ፊሽታውን፣ ኖርዘርን ሊበርቲስ፣ ሴንተር ሲቲ ውስጥ እንደ እንጉዳይ የፈሉትን ኮንዶሚኒየሞች አስቡ። ከ2022 ወዲህ ለመኖሪያ ቤቶች እፎይታው በየዓመቱ 10 ፐርሰንት እንዲቀንስ ተደርጓል፤ ቀድመው ፈቃድ የጠየቁት ግን ሙሉውን 10 ዓመት ይዘው ቀጥለዋል። ይህን ሕግ ያወጣው ካውንስሉ ነው። ሳይሰበሰብ ከቀረው ታክስ ደግሞ ከግማሽ በላዩ የትምህርት ቤት ድርሻ ነበር። ካውንስሉ ለባለ ኮንዶው የተወውን ገንዘብ፣ በባለ ሱቁ ሲጋራ ላይ በሚጣል ታክስ ሊተካው ሄደ። ጸሐፊው መቆጣት ከፈለጉ እዚህ ጋ ይቆጡ፤ እኔም አብሬ እቆጣለሁ።

ዩኒቨርሲቲዎቹንም አልጠቀሱም። ፔን፣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዌስት ፊላደልፊያ ያለውን መሬት ታውቁታላችሁ። ለትርፍ የማይሠራ ስለሆነ ለማስተማሪያ ሕንፃዎቹ ፕሮፐርቲ ታክስ የለበትም። ከብዙ ጉትጎታ በኋላ በ2020 በየዓመቱ 10 ሚሊዮን፣ በ10 ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ለዲስትሪክቱ እሰጣለሁ አለ፤ በሕንፃዎቹ ውስጥ ያሉትን አስቤስቶስና ሊድ የተባሉ ጤና የሚጎዱ ነገሮች ለማጽዳት። ጥሩ ነው። ነገር ግን በፈቃዱ የሰጠው ስጦታ እንጂ ግዴታው አይደለም፤ ጊዜውም ያልቃል። በ2017 በተደረገው ግምገማ የትምህርት ቤት ሕንፃዎቹ ውዝፍ ጥገና 4.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

«ትምህርት ቤት ይዘጋ» ስለሚለው። ተዘግቶ ታይቷል። በ2013 ብቻ 24 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጀርመንታውን ሃይስኩል 100ኛ ዓመቱን ሊያከብር አንድ ዓመት ሲቀረው ተዘጋ። ሳውዝ ፊላደልፊያ ያለው ቦክ የሙያ ትምህርት ቤት፣ ያ ግዙፍ ሕንፃ፣ በ1.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚህ ዋጋ ዛሬ ሪተንሃውስ አደባባይ አካባቢ ደህና አፓርታማ ታገኛላችሁ። ሕንፃው አሁን ወርክሾፕና ሬስቶራንት ሆኗል፤ ጣሪያው ላይ ባር አለ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ሰዉ ኮክቴል ይዞ ከተማውን ያያል። ቆንጆ ቦታ ነው። ድሮ ግን ልጆች አናጺነትና ምግብ ማብሰል የሚማሩበት ነበር። ከዚያ ሁሉ መዝጋት በኋላ ጉድለቱ ጠፋ? በዓመቱ ዲስትሪክቱ እንደገና ካውንስሉ ፊት ቆሞ ነበር። ግማሹ ባዶ የሆነ ትምህርት ቤት የለም አልልም። አንዳንዱን ማዋሀድ ሊያስፈልግ ይችላል። ግን የገንዘብ ችግሩን በዚህ እንፈታዋለን የሚል ሰው ስለ 2013 መልስ ሊኖረው ይገባል።

ስቴቱ ይክፈል ስለሚሉት ብዙ አልናገርም፤ ልክ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2023 የስቴቱ ፍርድ ቤት የፔንሲልቬንያ የትምህርት ቤት ገንዘብ አከፋፈል ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈርዷል። ድሃ አካባቢ የተወለደ ልጅ ያነሰ ትምህርት ያገኛል፤ ሲቲ አቬኑን ተሻግሮ ሀብታም በሚኖርበት ሎወር ሜሪየን የሚማረው ልጅ ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። ስቴቱ ከፍርዱ በኋላ ገንዘብ መጨመር ጀምሯል፤ ቀስ እያለ፣ በየዓመቱ በጀት ድርድር እየተጎተተ። ዲስትሪክቱ በ2025 ያወጣውን በጀት ለመሙላት ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ከመጠባበቂያው ማውጣት ነበረበት። ስቴቱ እስኪጨርስ ከተማው ያቁም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጸሐፊው ያስረዱን። ሃሪስበርግ ያሉት የገጠር ተወካዮችም ከተማው ራሱ ለልጆቹ ሳይከፍል እኛ ለምን ለማለት አንድ ቀን አያድሩም።

የመጨረሻው፣ «እኛን ምን አገባን?»

ቻርተር ስኩል ልጁን ያስገባ ሰው ከዚህ ነገር ወጣሁ ብሎ ካሰበ ተሳስቷል። በዚህ ከተማ ከሦስት የሕዝብ ተማሪ አንዱ ገደማ ቻርተር ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚከፍለው ማን ይመስላችኋል? ያው ዲስትሪክቱ ነው፣ ከዚያው በጀት። የቻርተሩ ክፍያ ደግሞ የሚሰላው ዲስትሪክቱ በራሱ ተማሪዎች ላይ በሚያወጣው መጠን ነው፤ ያ ሲቀንስ ይኸኛውም ይከተላል። አፐር ዳርቢ የተሻገሩትም ፕሮፐርቲ ታክሳቸውን እዚህ ከነበሩበት ጋር ያስተያዩትና ይንገሩን። ስሸሽ የከፈልኩት ይበልጣል ያለኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም።

ካውንስሉ የበጀት ሂሪንግ የሚያደርገው በፀደይ ነው፣ ሲቲ ሆል፣ ክፍል 400 ውስጥ። አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ሁሉም ያልቃል። ማንም ነዋሪ ስሙን አስመዝግቦ መናገር ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ይሰጡታል። ጸሐፊው ሐበሻ እዚያ ምን ሊያደርግ ይሄዳል ብለዋል። እኔ ይምጡ እላለሁ። ስለ ሲጋራው ታክስ የጻፉትን ያንብቡት፣ እኔም እደግፋቸዋለሁ። ስለ ቀረው እዚያው እንከራከራለን።